ድንበር ተሻጋሪ ኩባንያ የሚፈጠረው በርካሽ ጉልበት ነውን?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ኮሌጅ ማኔጅመንት አስተምራለሁ። የቻይናውን የቤት ዕቃዎች አምራች ሃየርን ወይም የሜክሲኮውን ሲሚንቶ አምራች ሴሜክስን በምሳሌነት ባነሣሁ ቁጥር ተማሪዎቼ «ጉልበት ስለረከሰላቸው ነው» ብለው ውይይቱን ይዘጉታል። ጉልበት የረከሰባቸው አገሮች ብዙ ሆነው ሳለ እንዲህ ያለ ኩባንያ ያፈሩት ጥቂት ስለሆኑ መልሱ አላጠገበኝም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የመጀመሪያ መልስ፦
መምህር፣ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። በዚያው ከተማ ፋብሪካ የሚተክል የጀርመን ድርጅትም ያንኑ ርካሽ ጉልበት ያገኛልና፣ ከባዕድ ተፎካካሪ የሚያስበልጠው ሌላ ነገር መሆን አለበት። ሃየርን እንመልከት (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዣንግ ሩዪሚን በ1984 መጨረሻ የተረከቡት በቺንግዳዎ ከተማ የሚገኝ፣ ሊከስር የተቃረበ የማቀዝቀዣ ፋብሪካ ነበር፤ ቴክኖሎጂውም የተገኘው ከጀርመኑ ማቀዝቀዣ አምራች ሊብሄር ነው። በ1985 አንድ ደንበኛ ባቀረበው ቅሬታ ምክንያት መጋዘኑ ሲፈተሽ 76 ጉድለት ያለባቸው ማቀዝቀዣዎች ተገኙ። ሠራተኞቹ በቅናሽ እንዲሸጥላቸው ቢጠይቁም፣ ሥራ አስኪያጁ ግን ዕቃው እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን የሠሩት ሰዎች በገዛ እጃቸው በመዶሻ እንዲሰባብሩት አዘዙ። አሜሪካ የገቡትም ትልልቆቹ አምራቾች ችላ ባሉት፣ በተማሪዎች መኝታ ክፍል በሚቀመጠው ትንሽ ማቀዝቀዣ በኩል ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪክን የቤት ዕቃዎች ክፍል በ5.4 ቢሊዮን ዶላር የገዙት ግን በ2016 ስለሆነ፣ መንገዱ ከ30 ዓመት በላይ ወስዷል።

ሁለተኛ መልስ፦
በጥራቱ ጉዳይ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ገንዘቡ ተዘነጋ። ሴሜክስ በ1992 ሁለት የስፔን ሲሚንቶ አምራቾችን ሲገዛ ያተረፈው ገበያ ብቻ አልነበረም። በሜክሲኮ ኩባንያነቱ የሚጠየቀው ወለድ ከባድ ስለነበር፣ በስፔኑ ቅርንጫፉ ስም መበደሩ ወጪውን አቀለለለት፤ በዚያ ገንዘብም ሌሎችን መግዛቱን ቀጠለ። ይኸው ብድር ግን ኋላ ላይ አንገቱን አነቀው። በ2007 የአውስትራሊያውን ሪንከርን ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ በገዛ ማግስት የዓለም የገንዘብ ቀውስ ደረሰበትና፣ በ2009 የአውስትራሊያውን ሥራ ለስዊዘርላንዱ ሆልሲም ሸጠ። በእኔ ግምት ለተማሪ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው።

ሦስተኛ መልስ፦
ሩቅ ሳንሄድ፣ አየር መንገዳችን የተማሪዎችዎን ክርክር የሚያፈርስ ይመስለኛል፤ አውሮፕላኑንም ነዳጁንም የሚገዛው ሌላው ዓለም በሚገዛበት ዋጋ ነውና። በ1945 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲቋቋም አመራሩም አብራሪዎቹም ከአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ የመጡ ነበሩ። በውሉ መሠረት የአገር ልጆች እየሠለጠኑ ቦታውን ቀስ በቀስ ተረከቡ፤ ዛሬ የሌሎች አፍሪካ አገሮች ባለሙያዎች ሳይቀሩ አዲስ አበባ መጥተው ይሠለጥናሉ። መቀመጫው በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በሆነው አስካይ አየር መንገድ ባለድርሻ ሲሆን በማላዊ አየር መንገድም 49 በመቶ ድርሻ ይዟል። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ከሃየር ጋር አይነጻጸርም የሚለኝ ይኖራል፤ ይሁንና የመንግሥት ሆነው የከሰሩት አየር መንገዶች ስንት ናቸው?

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመዶሻውን ታሪክ ሰኞ ክፍል ውስጥ አነሣዋለሁ፤ የሴሜክስን ብድር ግን ለፈተና አስቀምጬዋለሁ።