ለካውንስሉ የምንልከው የጋራ ሐሳብ፦ የትራቭለር ጎረቤቶቻችን ጉዳይ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ካውንስሉ (እዚህ እንግሊዝ ያለው የአካባቢያችን አስተዳደር) በአዲሱ የአካባቢ ፕላን፣ ማለትም መሬት ለምን እንደሚውል በሚወስነው ዕቅድ ላይ አስተያየት ስጡ ብሏል። ትራቭለርና ጂፕሲ የሚባሉት በልማድ በካራቫን (በተጎታች ቤት) እየተዘዋወሩ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ቅዳሜ እንደተነጋገርነው ከትራቭለር እናቶቹ ጋር አንድ ደብዳቤ እንልካለን። ረቂቁ ይኸው፦ «ለጂፕሲና ለትራቭለር ቤተሰቦች በቂ የካራቫን ቦታ ይዘጋጅ። መገለል ይቁም።» ቁረጡት፣ ጨምሩበት።

ገንዘብ ያዥ፦ እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ። ይሄ ማንንም አይጎረብጥም። «ተቀብለናል» ብለው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። በቂ ማለት ስንት ነው? የት? እስከ መቼ?

አንጋፋ አባል፦ እኔ ደግሞ ግልጹን ልናገር። ልጄ ሦስት ልጆች ይዛ ቴምፖራሪ (ካውንስል የሰጣት ጊዜያዊ) ቤት ውስጥ አምስተኛ ዓመቷ ነው። ሻንጣዋን እንኳ በወጉ አልፈታችም። እኛ ቤት አጥተን ለካራቫን መሬት ስጡ ብለን እንፈርም?

የቤት ጉዳይ ተጠሪ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ግን ካራቫኑን የሚያቆምበት ያጣ ትራቭለር የት ይሄዳል? ከልጅዎ ጋር እዚያው የካውንስል ቤት ወረፋ ላይ ይሰለፋል። በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጠራው) ቆጠራ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቤትና አፓርታማ ውስጥ ነበሩ። ሁሉም ወደው አይደለም።

ታሪኩን ባጭሩ ልበል። በ1968 የወጣ ሕግ ካውንስሎች ቦታ እንዲያዘጋጁ ያስገድድ ነበር። በ1994 ግዴታው ተነሳ። መሬት ራሳችሁ ግዙ ተባሉ። የገዙትም ፈቃድ ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ ይከለከላሉ። ኤሴክስ ውስጥ ዴል ፋርም ከሚባለው ሰፈራቸው ከፊሉ በ2011 የፈረሰው በገዛ መሬታቸው ላይ ነው፤ የፕላን ፈቃድ የላችሁም ተብለው። መንገድ ዳር ቢያቆሙና ተነሱ ሲባሉ ባይነሱ ደግሞ የ2022ቱ ሕግ ፖሊስ ካራቫኑን እንዲወስድ ይፈቅድለታል። ካራቫኑ እኮ ቤታቸው ነው! ከአንድ ቦታ የተባረረ ሰው የማይመለስበትንም ጊዜ ከ3 ወር ወደ 12 ወር አሳደገው። በ2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህኛውን ከሰብአዊ መብት ጋር አይጣጣምም ብሏል።

ገንዘብ ያዥ፦ ታዲያ ቁጥሩን ከየት እናምጣ?

የቤት ጉዳይ ተጠሪ፦ ዋናው ቋጠሮ እሱ ነው። በ2015 መንግሥት ትርጉሙን ቀየረ። በእርጅና ወይም በሕመም ለዘለቄታው መጓዝ ያቆመ ሰው ለፕላን ሲባል ትራቭለር መሆኑ ቀረ። ስንት የካራቫን ቦታ እንደሚያስፈልግ ከሚታይበት ከፍላጎት ቆጠራው ወጣ ማለት ነው። አካል ጉዳተኛ ልጆች ያሏት አንዲት እናት ተከራከረች፤ በ2022 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ትርጉሙ አድሏዊ ነው አለ። በ2023 መጨረሻ የቀድሞው ተመለሰ። የካውንስላችን ቆጠራ ግን የተሠራው በመሃሉ ነው። ሰው ቤት ሶፋ ላይ የሚያድሩት ልጆቻችን ብዙ ጊዜ ቤት አልባ ተብለው እንደማይቆጠሩት ነው ነገሩ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ቆጠራው እንደገና ይሠራ፣ ቤት ውስጥ ያሉትም ይጠየቁ» ይሁን።

አንጋፋ አባል፦ እ... እሱስ ልክ ነው። ባሕር ዳር ሳድግ ነገደ ወይጦዎቹ ከተማው በሰፋ ቁጥር ከሐይቁ ዳር ሲነሱ አይቻለሁ። ታንኳቸውን እንወዳለን፤ ጎረቤት ሲሆኑ ግን ፊታችንን እናዞራለን። ቀጥሉ።

ጸሐፊዋ፦ ቅዳሜ ሻይ የጋበዙን እናት ያሳዩኝን ልንገራችሁ። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ውስጡ እንደ መስታወት ያበራል። የሳህን ማጠቢያው ጎድጓዳ ሌላ፣ የእጅና የልብሱ ሌላ። እኔ ባለማወቅ እጄን በሳህኑ ጎድጓዳ ልታጠብ ስል «ተይ ተይ!» ብለው ነጠቁኝ። ሽንት ቤት ምግብ ከሚበሰልበት ጣሪያ ሥር አይሆንም አሉኝ። ለዚህ ነው አንድ ፒች (የአንድ ቤተሰብ ካራቫን ቦታ) አስፋልትና ካራቫን ብቻ የማይሆነው። መታጠቢያና ሽንት ቤት ያላት ትንሽ ግንብ ቤት ከጎኑ ትቆማለች። ፕላን አውጪው ይህ ካልገባው መኪና ማቆሚያ ነው የሚሠራላቸው። ሁለተኛው ነጥብ ይሁን?

ገንዘብ ያዥ፦ ይሁን። ሦስተኛውን እኔ ላምጣ። ሊድስ ከተማ ውስጥ ካውንስሉ ከማባረር ይልቅ ይደራደራል። ይህን ያህል ሳምንት እዚህ ቆዩ ይላል፤ ሽንት ቤትና የቆሻሻ ገንዳ ያቀርባል፤ እነሱም ቦታውን በንጽሕና ይይዛሉ። ለፍርድ ቤትና ለጽዳት ከሚወጣው ገንዘብ ረክሶ ተገኝቷል። ካውንስል ደግሞ ወጪ ሲባል ጆሮው ይቆማል።

አንጋፋ አባል፦ እፈርማለሁ። በአንድ ነገር ግን፦ ቦታው የካውንስል ቤት ከታቀደበት መሬት እንዳይቀነስ ተብሎ ይጻፍ።

ጸሐፊዋ፦ ለእናቶቹ አንብቤላቸዋለሁ ጋሼ፤ ተስማምተዋል። እነሱም አንድ መስመር ጨምረዋል፦ «ከአውራ ጎዳና ድልድይ ሥር ወይም ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ እንዳይሆን።» የእንግሊዝኛውን ነገ ማታ እልካለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ የእነሱን መስመር መጀመሪያ ላይ አድርጊው።