አንገቴ ላይ የወጣው ንፍፊት መቼ ነው የሚጠፋው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጉሮሮዬን ካመመኝ ሳምንት አልፎኛል። ትኩሳት ተከተለ፣ ከዚያ አንገቴ ግራና ቀኝ አበጠ። ሐኪም ቤት ሄጄ ደም ተመርምሬያለሁ፤ ኤፕስታይን-ባር የሚባል ቫይረስ ነው ተባልኩ። ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይሠራለትም፣ እረፍት አድርጊ፣ ፓራሲታሞል ውሰጂ ብለው ሸኙኝ።

የከበደኝ ንፍፊቱ ነው። ከጆሮዬ ኋላ ጀምሮ በአንገቴ ጎን ወደ ታች ተደርድሯል። ትልቁ የባቄላ ፍሬ ያክላል። ስነካው ከጣቴ ስር ሸርተት ይላል፣ ያመኛልም። ጠዋት ስነሳ አንገቴ አይታዘዝልኝም፤ ዞር ማለት ካለብኝ ከነትከሻዬ ነው። ምራቄን ስውጥ እስከ ጆሮዬ ይወጋኛል። በየትኛው ጎኔ እንደምተኛ ግራ ገብቶኛል። እጄም አያርፍም፤ ጨመረ ቀነሰ እያልኩ ስዳስሰው እውላለሁ።

ትኩሳቱ ለቆኛል፣ እብጠቱ ግን እዚያው ነው። ያሳለፋችሁት ካላችሁ ሕመሙን በምን ቻላችሁት? መፍራት ያለብኝስ መቼ ነው?

የሌሊት ተረኛ፦
ይማርሽ እህቴ። ነርስ ነኝ፤ እንዲህ ያበጠ አንገት ብዙ አይቻለሁ።

ንፍፊት ማለት ያበጠ የሊምፍ እጢ ነው፤ እነዚህ እጢዎች ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። ቫይረስ ሲመጣ እዚያው ይባዛሉ፣ እጢው ያብጣል፣ ሽፋኑም ይወጠራል። ሕመሙ ከዚያ ነው። ትኩሳቱ ቀድሞ ቢሄድና እብጠቱ ቢቆይ አይግረምሽ። በዚህ ቫይረስ ብዙ ሰው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሻለዋል፤ እብጠቱና ድካሙ ግን ከዚያም አልፎ ሊቆይ ይችላል።

በእኔ እምነት ከሁሉ የሚቀድመው እጅሽን ማንሳት ነው። በየሰዓቱ የሚጫኑት እጢ ይቆጣል፣ ሕመሙም ይጨምራል። በሳምንት አንዴ ብታይው ይበቃል።

ንጹሕ ፎጣ ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ ጨምቂና አንገትሽ ላይ 10 ደቂቃ ያህል አቆዪው። በቀን ደጋግሚው። ከመተኛትሽ በፊት ካደረግሽው ሌሊቱ ይቀልልሻል። ለጉሮሮሽ ደግሞ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ ተጉመጥመጪና ትፊው።

ፓራሲታሞል ላይ ጠንቀቅ በይ። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስለሚገኝ ሳታውቂው እንዳትደርቢ ማሸጊያውን አንብቢ። ይህ ቫይረስ ጉበትንም ስለሚነካ አልኮል ለጊዜው ይቅርብሽ። ቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን ካለም እንዳትሞክሪው፤ በዚህ ሕመም ላይ ሲወሰድ ብዙ ጊዜ ሰውነት ላይ ሽፍታ ያወጣል።

ኳስ ወዳዱ፦
እኔም ይኸው ቫይረስ ይዞኝ ነበር። ለእንቅልፉ ትራሴን ከፍ አድርጌ በጀርባዬ መተኛት ነው የጠቀመኝ። ጎን ለጎን ስተኛ አልጋው እብጠቱን ይጫነው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም የማይነግርሽ ከሆነ ብዬ ነው። በዚህ ሕመም ጣፊያም ያብጣል። ሐኪሜ ኳስ የከለከለኝ ለዚህ ነው፤ ያበጠ ጣፊያ ሲመታ ሊፈነዳ ይችላል። ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ግፊያ ያለበት ስፖርትና ከባድ ሸክም ይቅርብሽ። እኔ ሲሻለኝ እግሬ ይበላኝ ነበር፣ ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ጠበቅኩ። በግራ በኩል ከጎድን አጥንትሽ ስር ድንገት ኃይለኛ ሕመም ከተሰማሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ወዲያው ሂጂ።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ጣፊያው በጭራሽ አልሰማሁም ነበር። ፎጣውን ሞክሬዋለሁ፣ ቢያንስ አንገቴን ያላላዋል። አሁን ደግሞ ብብቴ ስር አንዲት ትንሽ አገኘሁ። ይሄስ ከዚያው ነው?

የሌሊት ተረኛ፦
ሊሆን ይችላል። እነዚህ እጢዎች በመላ ሰውነታችን ወደ 600 ያህል ናቸው፤ ብብትና ብሽሽት ላይም አሉ። ቫይረሱ አንገት ላይ ብቻ አይቀርም። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ግን ለሐኪምሽ አሳዪው።

የሚያም፣ ለስለስ ያለና ሲነኩት የሚንሸራተት ንፍፊት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከኢንፌክሽን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሳያም የሚያድገው፣ ጠንክሮ ቦታውን የማይለቀው ነው። አንገትና ትከሻ ከሚገናኙበት አጥንት በላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ የሚወጣም በማንኛውም መጠን መታየት አለበት። አንሶላ የሚያርስ የሌሊት ላብ፣ ያለምክንያት መክሳት፣ የሄደ ትኩሳት መመለስ፣ ወር ሞልቶት የማይቀንስ እብጠት፣ ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ተመለሺ። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያም አንገት ላይ ንፍፊት ያወጣል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ተጨማሪ ምርመራ ቢያዝ አትደንግጪ።

እብጠቱ ላይ ያለው ቆዳ ቀልቶ ከጋለ በማግስቱ ታዪ። መተንፈስ ካቃተሽ ወይም ምራቅሽን እንኳ መዋጥ ከተሳነሽ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ፣ ሰው ይያዝሽ።