ለብዙ ምግብ አለርጂ ላለበት ልጅ ሥጋ የሌለበት ምግብ፦ እንቁላል፣ ወተትና ስንዴ ሲወጡ እንዴት ይሠራል?

እናት_በጓዳ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጁ 5 ዓመቱ ነው፤ ቤት ውስጥ ሥጋም ዓሣም አይበላም። በሐኪም የተረጋገጠ አለርጂ ያለበት ለወተት፣ ለእንቁላል፣ ለስንዴ፣ ለአኩሪ አተር፣ ለኦቾሎኒ፣ ለሰሊጥ፣ እንዲሁም ለአልመንድ፣ ለካሺው፣ ለዋልነትና ለመሰሎቻቸው ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ሩዝ፣ አጃ፣ ድንች፣ ተልባ፣ የዱባ ፍሬና የሱፍ አበባ ፍሬ ያለ ችግር ይበላል።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። የምስር በርገር ስሠራ መጥበሻው ላይ ይፈራርሳል። ያለ ስንዴ የምጋግረው ዳቦ ላዩ ይደርቅና ውስጡ ሙጫ ይሆናል። ወተት ስለማይጠጣ ካልሲየሙና አይረኑ ያሳስበኛል። ሌላው የቤተሰቡ አባል ግን ስንዴም እንቁላልም ስለሚበላ በአንድ ጓዳ ሁለቱን እንዴት ማስኬድ ይቻላል?

ድስትና_ሚዛን

እህቴ፣ «በእንቁላል ፋንታ ምን ልጨምር» ከማለትሽ በፊት እንቁላሉ እዚያ ምግብ ውስጥ ሥራው ምን እንደነበር ተመልከቺ። በበርገር ውስጥ ሥራው ማያያዝ ብቻ ነው። በኬክ ውስጥ ያያይዛል፣ ያነሳል፣ ያረጥባል። በብዙ ብስኩት ውስጥ ደግሞ ቢቀርም ማንም አያውቅበት። አንድ ምትክ ሁሉንም ሥራ ስለማይሠራ ነው ሰው «ተልባ ሞከርኩ፣ አልሆነም» የሚለው። 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ሲቆይ እንደ 1 እንቁላል ያያይዛል፤ ሊጥ ግን አያነሳም። ማንሳቱን ለቤኪንግ ፓውደሩ ተዪለት። አሠራሩ ከ2 እንቁላል በላይ የሚጠይቅ ከሆነ ተልባውን አታብዢ፤ ይዝለገለጋል። ሌላ አሠራር ፈልጊ።

በርገሩ የሚፈራርሰው ብዙ ጊዜ በማያያዣ እጦት ሳይሆን በውኃ ብዛት ነው። ምስር በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ቢጠነፈፍም እርጥበቱ ውስጡ ይቀራል፤ መጥበሻ ላይ እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ ያፈርሰዋል። እንዲህ አድርጊው፦

200 ግራም ቀይ የምስር ክክ አጥበሽ በ400 ሚሊ ሊትር ውኃ ጣጂው። ክዳኑን ገርበብ አድርገሽ በዝግታ 15 ደቂቃ ያህል፣ ውኃው ተመጦ እስኪያልቅ። ከዚያ ትሪ ላይ ዘርግተሽ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዢው፤ በዚህ ጊዜ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ስታርቹም ይጠነክራል። 100 ግራም የተቀቀለ ድንች ፈጭተሽ፣ 50 ግራም የአጃ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በደረቁ (ውኃውን ከምስሩ ይወስዳል)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና የምትወጂውን ቅመም ጨምሪ። 30 ደቂቃ ፍሪጅ ይቆይ። በ45 ግራም እየመዘንሽ፣ ውፍረቱን 1.5 ሴንቲ ሜትር እያደረግሽ ስታድበለብዪው 15 ያህል ይወጣዋል።

መጥበሻው ዘይት ይዞ በደንብ ይጋል፤ ከዚያ እሳቱን መካከለኛ አድርጊ። አንዴ ካስቀመጥሽው 4 ደቂቃ አትንኪው። ሥሩ ሲቆላ ራሱ ይለቃል፤ ካልለቀቀ ገና ነው ማለት ነው። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። የተረፈውን ሳይጠበስ በብራና ወረቀት ለያይተሽ ፍሪዘር ውስጥ ማኖር ይቻላል፤ ሳይቀልጥ በቀጥታ በ200 ዲግሪ ኦቨን 20 ደቂቃ ግድም ይበቃዋል።

አንዱ በርገር 3.5 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዟል። በዚህ ዕድሜ በቀን የሚያስፈልገው 19 ግራም ስለሆነ ሦስቱ ከግማሽ በላይ ይሸፍናሉ። ስለ ፕሮቲን ብዙ አትጨነቂ፤ የሚያሳስበው ሌላው ነው።

ሊጥ_በግራም

ዳቦውን እኔ ልመልስ። ስንዴ ሲወጣ ጋዙን አፍኖ የሚይዘው ግሉተን አብሮ ይወጣል፤ እሱን በመጠኑ የሚተካው የሳይሊየም ገለባ (ውኃ ሲነካው የሚዝለገለግ የተክል ፍሬ ገለባ) ነው። ለአንድ የዳቦ ቅርጽ፦ 200 ግራም የአጃ ዱቄት፣ 150 ግራም የሩዝ ዱቄት፣ 100 ግራም የካሳቫ ስታርች፣ 20 ግራም የሳይሊየም ገለባ፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 6 ግራም ጨው፣ 15 ግራም ስኳር፣ 30 ግራም ዘይት፣ 470 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ። በሚዛን እንጂ በኩባያ አትሥሪ። የሩዝ ዱቄት እንደ አፈጫጨቱ በአንድ ኩባያ ብዙ ግራም ይለያያል፤ አንድ ቀን ተሳክቶ በሚቀጥለው የሚበላሸው በዚህ ነው።

ሳይሊየሙን ቀድመሽ ውኃው ውስጥ በመምቻ ምቺውና 5 ደቂቃ ጠብቂ፤ ከዱቄቱ ጋር በደረቁ ከተቀላቀለ አንዳንዴ ይቋጥራል። ሊጡ እንደ ስንዴ ሊጥ አይለጠጥም፤ ወፍራም ገንፎ ይመስላል፣ እንዲያ ነው መሆን ያለበት። አንድ ጊዜ ብቻ ይቦካል፤ እጥፍ እስኪሆን አትጠብቂ፣ በሲሶ ሲጨምር ኦቨን ይግባ። ከዚያ ካለፈ ኦቨን ውስጥ መሐሉ ይሰረጉዳል። በ200 ዲግሪ ከ55 እስከ 60 ደቂቃ።

ውስጡ ሙጫ የሚሆንበት ምክንያት ሁለት ነው፦ ወይ አልበሰለም፣ ወይ በትኩሱ ተቆርጧል። የምግብ ቴርሞሜትር ካለሽ መሐሉ ላይ 97 ዲግሪ ግድም ማሳየት አለበት። ከቅርጹ አውጥተሽ በሽቦ ላይ ቢያንስ 2 ሰዓት ይቀዝቅዝ። ስታርቹ የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ስለሆነ በትኩሱ ከተቆረጠ ምንም ያህል ቢበስል ቢላዋው ላይ ይለጠፋል። በማግስቱ ይደርቃል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ቆራርጠሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው።

ለፓንኬክና ለኬክ ሌላ ስህተት አለ፦ የሩዝ ዱቄት ወዲያው ሲጋገር አሸዋ አሸዋ ይላል። ሊጡን 20 ደቂቃ አስቀምጪውና ቤኪንግ ፓውደሩን በመጨረሻ ጨምሪ። የቤኪንግ ፓውደሩንም ጽሑፍ አንብቢ፤ አንዳንዱ የስንዴ ስታርች አለው። አጃም በእርሻና በወፍጮ ከስንዴ ጋር ስለሚቀላቀል ከግሉተን ነጻ ተብሎ የተመረመረውን ነው መግዛት።

የሕጻናት_ሥነምግብ

ወደ አይረንና ካልሲየም ልምጣ፤ የእህታችን ስጋት ተገቢ ነው።

ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው አይረን በቀን 10 ሚሊ ግራም ነው። ከእህል የሚገኘው አይረን በቀላሉ ስለማይመጠጥ ሥጋ ለማይበሉ የአሜሪካ መመሪያ በ1.8 ያባዛዋል፤ 18 ሊደርስ ነው። አሁን ከምግቡ አስሊው፦ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 3.3፣ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ሽምብራ 2.4፣ 30 ግራም የዱባ ፍሬ 2.5 ገደማ፣ 40 ግራም አጃ ከ2 ትንሽ ያነሰ። ሁሉም ተበልቶ 10 ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በየገበታው ቫይታሚን ሲ ይኑር፦ ግማሽ ብርቱካን፣ ጥሬ ቀይ ቃሪያ ወይም ምስሩ ላይ ሎሚ። ሎሚውን ድስቱ ከወረደ በኋላ ጨምቂው፤ ቫይታሚኑ በእሳት ይቀንሳል። ሻይ ደግሞ ከምግብ ጋር አይሰጥ፣ አይረኑን ያስራል። ሁለተኛ፣ አይረን የተጨመረበትና ለእሱ የሚሆን የቁርስ እህል ፈልጊ፤ ሐኪሙንም የፌሪቲን ምርመራ (በሰውነት የተከማቸውን አይረን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ጠይቂ። የአይረን ክኒን ግን በራስሽ አትጀምሪ፤ ለትንሽ ልጅ መጠኑ ካለፈ አደገኛ መርዝ ነው።

ካልሲየም በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ይመከራል። ይህን በቅጠል ብቻ መሙላት ይከብዳል። ካልሲየም የተጨመረበት የአጃ ወይም የአተር መጠጥ ብዙውን ጊዜ በ100 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ሁለት ብርጭቆ ከግማሽ በላይ አገባ ማለት ነው። ካልሲየሙ ሥር ስለሚዘቅጥ ካርቶኑን በየጊዜው በደንብ ናጪው፤ ሳይናጥ የሚጠጣ ልጅ የሚያገኘው ውኃውን ነው። ቤት ውስጥ የሚጨመቅ የአጃ መጠጥ ካልሲየም የለውም ለማለት ይቻላል። ከአጃውና ከአተሩ ደግሞ በፕሮቲን የሚሻለው የአተሩ ነው። ጎመን ጥሩ የካልሲየም ምንጭ ነው፤ ስፒናች ግን በውስጡ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ነገር ካልሲየሙን አስሮ ስለሚይዘው በዚህ በኩል አትቁጠሪው።

ቢ12 ከእህልና ከአትክልት አይገኝም። ወተትና እንቁላል ከወጡ የግድ ከተጨመረበት ምግብ ወይም ከጠብታ መምጣት አለበት፤ ቫይታሚን ዲና አዮዲንም እንዲሁ ከሐኪሙ ጋር የሚታዩ ናቸው።

ሌላው ሁሌ የሚረሳው የሆድ መጠን ነው። ጥራጥሬና አጃ ብቻ ሲበላ ልጁ በፋይበር ይጠግብና ጉልበት ሳያገኝ ይነሳል። ክክ ምስር ከድፍኑ ይቀለዋል። ከድስቱ ሳይሆን ከሳህኑ ላይ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሪበት፤ 40 ካሎሪ ነው፣ ጣዕሙንም ያሻሽለዋል። የዱባ ፍሬውንና ተልባውን ፈጭተሽ ስጪ፤ ድፍን ተልባ እንደገባ ይወጣል፣ ድፍን ፍሬ ደግሞ ለትንሽ ልጅ የመታነቅ አደጋ አለው።

እናት_በጓዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሩዝ መጠጥ ይሻለው ይሆን? ጣፋጭ ስለሆነ ይወደዋል። ሽምብራስ ከኦቾሎኒ ጋር ዘመድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ላቁም?

የሕጻናት_ሥነምግብ

የሩዝ መጠጥ ለእሱ አይሆንም። ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ሩዝ ከአፈር አርሴኒክ ስለሚስብም የእንግሊዝ ጤና አገልግሎት ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕጻናት እንዳይሰጥ ይመክራል። አሁን 5 ቢሞላውም ዋና መጠጡ ባይሆን ይሻላል። ሩዝ መብላቱ ሌላ ነው፤ በብዙ ውኃ ቀቅለሽ ውኃውን ብታፈሺው ይቀንሳል።

ሽምብራውን አታቁሚ። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ተክል ናቸው፣ ነገር ግን ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለባቸው አብዛኞቹ ሌላውን ጥራጥሬ ይበላሉ። እየበላው የተስማማውን ምግብ በዘመድነት ወይም በደም ምርመራ ቁጥር ብቻ ማስወጣት ጉዳት አለው፤ ምርመራው አካሉ እንደሚያውቀው እንጂ በእርግጥ እንደሚታመም አያሳይም። የምትጠነቀቂው ግብጦን ነው። ከኦቾሎኒ ጋር አብሮ ችግር የሚፈጥርበት አጋጣሚ ጎላ ያለ ነው፤ ዱቄቱም ከግሉተን ነጻ በሆኑ ዳቦዎችና ፓስታዎች ውስጥ ይገባል።

መለያ_አንባቢ

ግብጦ ከተነሳ አይቀር፣ ስለ ጽሑፍ ማንበብና ስለ ጓዳው ልጨምር።

«ከግሉተን ነጻ» ማለት «ከስንዴ ነጻ» ማለት አይደለም። ግሉተኑ የታጠበለት የስንዴ ስታርች በሕጋዊ መንገድ ይገባበታል። «ላክቶስ የሌለው ወተት» የወተቱ ፕሮቲን እንዳለ ያለበት ወተት ነው። የፍየል ወተትም ለላም ወተት አለርጂ ላለበት ልጅ መፍትሔ አይደለም፣ ፕሮቲኑ በጣም ተመሳሳይ ነው። «ቪጋን» የሚለው ምልክትም ስለ አሠራሩ ሐሳብ እንጂ ስለ አለርጂ ዋስትና አይሰጥም፤ ወተት ያለው ቸኮሌት በሚሠራበት ማሽን ላይ ሊያልፍ ይችላል። ወተት «ኬዚን» ወይም «ዌይ»፣ እንቁላል «አልቡሚን»፣ ሰሊጥ «ታሂኒ» ተብሎ ይመጣል። ሰሊጥ በአሜሪካ በግዴታ ከሚጻፉት ውስጥ የገባው ከጥር 2023 (እ.ኤ.አ) ወዲህ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት በግዴታ ከሚጻፉት 14 አለርጂ አምጪ ምግቦች አንዱ ነው። አንድን ዕቃ ለዓመታት ብትገዢውም በየጊዜው አንብቢ፤ ፋብሪካው አሠራሩን ሲቀይር ማሸጊያው ላይቀየር ይችላል። በጆንያና በክፍት ሳጥን የሚሸጥ ጥራጥሬና ፍሬ ደግሞ ለዚህ ልጅ አይሆንም፣ ማንካው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል።

ጓዳው ውስጥ ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ የእሱ ምግብ መጀመሪያ ይሠራል፣ ይከደናል፣ ከዚያ የሌላው። ለብቻው መሆን ያለባቸው ለማጠብ የሚያስቸግሩት ናቸው፦ ወንፊት፣ የእንጨት መክተፊያና ማንኪያ፣ የዳቦ መጥበሻ ማሽን፣ የተቧጨረ መጥበሻ። የስንዴ ዱቄት አየር ላይ ስለሚቆይ ሌላው ዳቦ በሚቦካበት ሰዓት የእሱ ሳህን ክፍት አይሁን። እንቁላል የተጠበሰበት ዘይት ለእሱ አይደገምም። እጅ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ የእጅ ማጽጃ አልኮል ጀርሙን ይገድላል እንጂ የኦቾሎኒውን ፕሮቲን አያነሳም።

ማብሰልም አለርጂ የሚያስነሳውን ፕሮቲን አያጠፋውም። አንዳንድ ልጆች በደንብ የተጋገረ ወተት ወይም እንቁላል ይችላሉ፤ ያ የሚሞከረው ግን ሐኪም ባለበት ነው፣ ቤት ውስጥ በፍጹም። የአድሬናሊን መርፌ ከታዘዘለት ምግቡ በሚሄድበት ሁሉ መርፌውም ይሂድ፤ መተንፈስ ካቃተው ወይም ከተዝለፈለፈ ቀድሞ የሚሰጠው እሱ ነው፣ የማሳከክ ማስታገሻ ሽሮፕ አይደለም።

እናት_በጓዳ

የመጨረሻ ጥያቄ። ከተፈጨ የሱፍ አበባ ፍሬ 200 ግራም፣ ስኳር 80፣ የአጃ ዱቄት 60፣ አንድ የተልባ ምትክና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አድርጌ ብስኩት ጋገርኩ። ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ በማግስቱ ግን ውስጡ አረንጓዴ ሆነ። ሻግቶ ነው?

ሊጥ_በግራም

አይደለም፣ ይብላው። የሱፍ አበባ ፍሬ ውስጥ ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ እየቀዘቀዘ አረንጓዴ ይሆናል። ሻጋታ ላዩ ላይ ጸጉር ጸጉር ብሎ ይታያል፣ ይሸታልም፤ ይሄ ግን ውስጥ ለውስጥ እኩል የተሰራጨ ቀለም ነው። ካልወደድሽው ሶዳውን አውጥተሽ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር አድርጊ፣ ሊጡ ውስጥም 1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሪ። ትንሽ ሊቀር ይችላል፤ ልጆች ግን አረንጓዴውን ይመርጡታል።