የደን ሽፋን 15.5 በመቶ፦ ቁጥር ነው ወይስ መረጃ?

አወያይ፦ የዛሬው መነሻ ይኸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ባቀረበችው ሰነድ የደን ሽፋኗ 15.5 በመቶ ነው ተብሏል። በ2010 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሪፖርት ላይ ግን 11 በመቶ ገደማ ነበር፤ ዛሬ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ደኑ ጨመረ ማለት ነው?

የደን ባለሙያ፦ አልጨመረም። የተለወጠው «ደን» የሚለው ቃል ትርጉም ነው። ፋኦ ደን የሚለው ዛፉ 5 ሜትር ሲደርስና ጥላው ከመሬቱ ቢያንስ 10 በመቶውን ሲሸፍን ነው። እኛ በ2015 የያዝነው ትርጉም ደግሞ ቁመቱን ወደ 2 ሜትር አወረደው፣ ጥላውን ወደ 20 በመቶ ከፍ አደረገው። ትንሹ ስፋት በሁለቱም ግማሽ ሄክታር ነው። የአለካኩ ዘዴም ተሻሽሏል። የሚያሳዝነው፣ ያው ሰነድ ከ2000 እስከ 2013 በየዓመቱ 92 ሺህ ሄክታር ደን እንደጠፋና የተተካው 19 ሺህ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። መቶኛው ወደ ላይ፣ ደኑ ወደ ታች! ሰው የሚይዘው ግን መቶኛውን ነው።

ካርታ ሠሪ፦ ትርጉሙ መለወጡ ማታለል ተደርጎ እንዳይታይ አደራ። የቆላው አጫጭር ዛፍ በፊት ከቁጥር ውጭ ነበር፤ ያልተቆጠረ ዛፍ ሲጨፈጨፍ የሚጮህለት የለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ካርታው የሚሠራበት የላንድሳት ሳተላይት ምስል አንዱ ነጥብ 30 በ30 ሜትር ነው፤ ግማሽ ሄክታር ስድስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ባሕር ዛፍና ጽድ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፤ በምስሉ ላይ መለየት ይከብዳል።

ከጎጃም፦ እዚህ ላይ ልግባ። በእኛ ቀበሌ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ሥር ምንጭ አለ። ዙሪያው ያለው የእርሻ መሬት ባሕር ዛፍ ከሆነ ወዲህ መጋቢት ላይ ውኃው ይሳሳል። እናቴ ይህን ያወቀችው በሳተላይት አይደለም፤ ድሮ ጀሪካኗን ሞልታ ቶሎ ትመለስ ነበር፣ አሁን ወረፋ ይዛ እስከ ረፋድ ትቆማለች። በካርታው ሠፈራችን «ደን ለበሰ» ይባላል። የእናቴ መቆም መረጃ አይደለም?

የውኃ ጥናት ተማሪ፦ መረጃ ነው ወንድሜ፣ ማስረጃ ግን ገና አልሆነም። ባሕር ዛፉ ይሁን የዝናቡ ማነስ፣ ወይስ ቀጂው መብዛቱ፣ በአንድ ምንጭ መለየት አይቻልም።

ከጎጃም፦ እህቴ፣ ለካርታው በግምት የተሞላው ይታመናል፣ እኛ በዓይናችን ያየነው ማስረጃ ይጠየቅበታል። ለክቶ የሚያውቅ ሰው እኮ መጥቶ አያውቅም።

አስተማሪ፦ እኔ ቁጥርን ያን ያህል ማጥበቅ አልወድም። «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ ደን ነበረን» ተብለን አደግን። ልክ ባይሆን እንኳ ተማሪዎቼን ችግኝ ያስተከለ እሱ ነው።

የደን ባለሙያ፦ መምህር፣ በዚህ አልስማማም። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1990ዎቹ የዚያን ቁጥር መነሻ ሲፈትሹ ጠንካራ ማስረጃ አላገኙለትም። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ 40 በመቶ ነበር ካልን «ታዲያ ማን ጨረሰው?» ይመጣል፣ መልሱም ሁልጊዜ ገበሬው ነው። በውሸት ቁጥር የተተከለው ችግኝ ይጸድቅ ይሆናል፤ በገበሬው ላይ የተለጠፈው ክስ ግን አልተነሳም።

ካርታ ሠሪ፦ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መቶኛ በተጻፈበት ሁሉ ትርጉሙና የተለካበት ዓመት አጠገቡ ይጻፍ። ያለ እነሱ 15.5 ምንም አይነግረንም።

የውኃ ጥናት ተማሪ፦ የጎጃሙ ወንድሜ፣ ቅር አይበልህ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በየሳምንቱ በአንድ ቀንና ሰዓት መዝግብ። የዘነበበትንም ቀን ጻፍ። ዓመት ሲሞላው አብረን እናየዋለን።

ከጎጃም፦ እሺ። ቅዳሜ ጧት እናቴ ስትቀዳ እቆጥራለሁ። የባሕር ዛፉን ባለቤት ስም ግን አልጽፍም፤ ጎረቤታችን ነው፣ ልጁን ያስተማረው በዚያ ዛፍ ነው።