የእድራችን የሽንት ምርመራ ዕቅድ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ጸሐፊው፦ ጤና ይስጥልኝ አባላት። እሁድ የተነሳውን አሳብ ወደ ወረቀት አምጥቼዋለሁ። ረቂቁ «ከ50 ዓመት በላይ የሆነ አባል ሁሉ ለፊኛ ካንሰር የሽንት ምርመራ ያድርግ» ይላል። አስተያየት ስጡበት።

ላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ «ሁሉ» የምትለዋ ትውጣ። ስትሪፑ፣ ሽንት ውስጥ የሚነከረው መመርመሪያ ወረቀት፣ ዓይን የማያየውን ደም ያሳያል። ደም ግን በጠጠርም፣ በኢንፌክሽንም፣ በወር አበባም ይመጣል። ምንም ምልክት የሌለውን ሰው በጅምላ መመርመር ይጠቅማል የሚል በቂ ማስረጃ የለም። ብዙ ሰው በከንቱ እናስደነግጣለን።

እትዬ (የቀድሞ ገንዘብ ያዥ)፦ ልጄ፣ የባለቤቴን ልንገራችሁ። አንድ ጠዋት ሽንቱ እንደ ካርካዴ ቀላ። ምንም አላመመውም። በማግስቱ ጠራ። «ቀይ ሥር በልቼ ነው» አለኝ። ከወር በኋላ ተመለሰበት። የሄድንበት ክሊኒክ ኢንፌክሽን ነው እያለ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ሰጠው። ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ስምንት ወር አልፎ ነበር። ስላላመመው ነው የተዘናጋነው።

ላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ እትዬ፣ እግዜር ያጽናዎት። ዕቅዳችን መነሳት ያለበት ከዚህ ነው። ደም አንዴ ታይቶ ቢጠራም መመርመር ግድ ነው። ሳይቶሎጂ የሚባለው ምርመራ ሽንት ውስጥ የወደቁ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ ያያል። ኃይለኛውን ካንሰር ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ ዝግ ብሎ የሚያድገውን ግን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ስለዚህ «ሽንቴ ንጹሕ ነው» ብሎ መቅረት የለም። ቁርጡን የሚነግረን በካሜራ ፊኛን ማየት ነው፣ ሲስቶስኮፒ። ደግሞ ለሳይቶሎጂ የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት አይሆንም። ፊኛ ውስጥ ሲያድር ሴሎቹ ይበላሻሉ።

ቀለም ቀቢው፦ እኛስ? ሠላሳ ዓመት ቀለም አሽትቻለሁ፣ ሲጋራም አጨሳለሁ።

ላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም አደጋውን ይጨምራሉ። ዋናው ሲጋራ ነው፤ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በእሱ ሰበብ ነው። እባክዎ ይተዉት።

ገንዘብ ያዡ፦ እንግዲያው ገንዘቡ ስትሪፕ መግዣ አይሁን። ደም ያየ አባል እስከ ሲስቶስኮፒ እንዲደርስ እናግዘው። በ2016 ከፒያሳ የተነሱት አባሎቻችን ራቅ ብለው ነው ያሉት፣ የታክሲም እንያዝላቸው።

ጸሐፊው፦ እንዲህ አስተካከልኩት፦ «ሽንቱ ውስጥ ደም ያየ አባል፣ ሕመም ባይኖረውም፣ ደሙ ቢቆምም፣ በሳምንቱ ውስጥ ይመርመር። ከእድሩ አንድ ሰው አብሮት ይሂድ። ወጪውን እድሩ ያግዝ።»

እትዬ፦ «ሕመም ባይኖረውም» የምትለዋን ደመቅ አድርገህ ጻፍልኝ።