ስግድ በልጄ ትምህርት ቤት፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም እህት ወንድሞች፣ ልጄ እዚህ እስራኤል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል ናት፣ አስተማሪዋ ደውላ የስግድ (የእኛ የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች በዓል) ለት ጠዋት ዳቦና ቡና ይዘሽ መጥተሽ ለልጆቹ በዓሉን አስረጂልን አለችኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ግን ስግድ እኮ እስከ ከሰዓት ይጾማል፣ ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ አንብበው ጸሎቱ ሲያልቅ ነው ዳቦ የሚቆረሰው፣ ጠዋት እንዴት አድርጌ ላብላቸው? እናቴ ደግሞ እንደየዓመቱ ኢየሩሳሌም አርሞን ሀናጺቭ (በዓሉ የሚከበርበት ከፍታ ቦታ) ትወጣለች፣ በእግር ተራራ ወጥተው የጸለዩበትን የጎንደሩን ስግድ ያየችው እሷ ናት፣ እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት። አስተማሪዋን ሳላስቀይም በዋዜማው እናድርገው ልበላት? ለ8 ዓመት ልጆችስ ጾሙን እንዴት ነው የማስረዳው? ያደረጋችሁት ካላችሁ ቶሎ ንገሩኝ፣ የቀረኝ 1 ሳምንት ነው።