ዝግመተ ለውጥና የአዳም ጉዳይ፦ እኛን ካቶሊኮችን የሚያለያየን ምኑ ነው?

ጥያቄ፤ ከትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ፣ ባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ቁምስና ለወጣቶች ትምህርተ ክርስቶስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በትምህርት ቤታቸው ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚማሩ፣ ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደ ኖረች የሚያውቁ ናቸው፤ በየዘመን መለወጫው ደግሞ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን እንደ ሆነ በባሕረ ሐሳቡ ሲነገር ይሰማሉ። ሁለቱን እንዴት እንደሚያስታርቁ ሲጠይቁን እኛ አስተማሪዎቹ ራሳችን አንድ መልስ የለንም። ገሚሶቻችን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ዝግመተ ለውጥን ስለ ተቀበሉ ክርክሩ አብቅቷል ስንል፣ የቀረነው የኦሪት ዘፍጥረት ስድስት ቀን እንደ ተጻፈው ስድስት ቀን ነው፣ ከዚህ የወጣ ለዘመኑ አስተሳሰብ እጅ ሰጥቷል እንላለን። ነገሩ ከርሮ አንዱ ሌላውን ኢአማኒ ወይም መሃይም እስከ ማለት ስለ ደረሰ፣ የምታውቁ እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። አንድ ካቶሊክ ሊያምነው ግዴታ የሆነበት የትኛው ነው? ለምርምርና ለክርክር የተተወውስ?

መልስ፤ ነገረ መለኮት የተማረ

ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ወገኖች ሰነዶቹ ከሚሉት አልፈው የሄዱ ይመስለኛል። ከርእሳነ ሊቃነ ጳጳሳቱ መካከል ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1893 ባወጡት መልእክት፣ የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስን ጠቅሰው፣ ቅዱሳን ጸሐፍት የሚታየውን ዓለም ውስጣዊ ባሕርይ ለማስተማር እንዳላሰቡ ጽፈዋል። ፒዮስ 12ኛ ደግሞ በነሐሴ 1950 በወጣው «ሁማኒ ጄኔሪስ» በተባለው መልእክታቸው፣ የሰው ሥጋ ቀድሞ ከነበረ ሕያው ነገር ተገኝቶ እንደ ሆነ በሳይንሱም በነገረ መለኮቱም ያሉ ሊቃውንት እንዲመረምሩና እንዲከራከሩ ፈቀዱ፤ ነፍስን ግን እግዚአብሔር ራሱ ያለ አማካይ እንደሚፈጥራት ማመን ግዴታ መሆኑን በዚያው አጸኑ። ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በጥቅምት 1996 ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ በላኩት መልእክት ጽንሰ ሐሳቡ ከመላ ምት ያለፈ መሆኑን ገልጸዋል፤ ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያው አካዳሚ ፊት ዝግመተ ለውጥ ከፈጣሪነት ትምህርት ጋር እንደማይጋጭ ተናግረዋል።

ከእነዚህ አንዱም «ዝግመተ ለውጥን እመኑ» የሚል አንቀጸ ሃይማኖት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ስለ አጥንትና ስለ ዘረ መል ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን አለኝ ብላም አታውቅም። ግዴታ የሆነው ሁሉን ከምንም የፈጠረው አንዱ እግዚአብሔር መሆኑን፣ ነፍስ ከወላጆች እንደማትገኝ፣ በሰው ልጅ ታሪክ መጀመሪያም በእርግጥ የተፈጸመ ውድቀት መኖሩን ማመን ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 390 የዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ትረካ በምሳሌያዊ አነጋገር እንደሚጠቀም፣ ነገር ግን በመጀመሪያ የተፈጸመ ድርጊትን እንደሚያረጋግጥ ይናገራል። የስድስቱ ቀን ርዝመት ከዚህ ውስጥ የለበትም።

መልስ፤ የቀደመውን ትምህርት የሚከተል

ወንድሜ በትሕትና ቢጽፍም አንድ ነገር አልፏል። ፒዮስ 12ኛ ክርክርን ሲፈቅዱ፣ የሰው ሥጋ ከሌላ ሕያው ነገር መገኘቱ አስቀድሞ እንደ ተረጋገጠ አድርገው የሚናገሩትን በዚያው አንቀጽ ገሥጸዋል። ለመከራከር የተሰጠ ፈቃድ ለመቀበል የተሰጠ ትእዛዝ አይደለምና፣ ዝግመተ ለውጥን ያልተቀበለ ካቶሊክ ከቤተ ክርስቲያን ሐሳብ እንደ ወጣ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። አውግስጢኖስንም ለዚህ ምስክር የሚያደርጉት ሙሉውን አይናገሩም፤ እርሱ ፍጥረት ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደ ተፈጠረ ቢያስተምርም፣ ከሰው መፈጠር እስከ እርሱ ዘመን 6000 ዓመት እንኳ እንዳልሞላ ጽፏል። የ1215ቱ አራተኛው የላተራን ጉባኤም እግዚአብሔር መንፈሳዊውንና ሥጋዊውን ፍጥረት ከዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ከምንም እንደ ፈጠረ ደንግጓል፤ ይህን ዘመናትን ከፈጀ አዝጋሚ ለውጥ ጋር የሚያስማሙት እንዴት እንደ ሆነ ግልጽ አድርገው ቢያሳዩን ደስ ይለኛል። በግእዝ ሥርዓት የምንኖር እኛም የአባቶቻችንን የዘመን ቁጥር እንደ ተረት አንጥለውም።

መልስ፤ ስለ ጣና ዓሦች የሚያጠና

እኔ ሰነዶቹን በሚገባ አላነበብሁም፤ ነገር ግን ነገሩ ከደጃችን ስላለ ልናገር። በተለምዶ ነጭ ዓሣ የምንላቸው፣ ተመራማሪዎች ላቤዮባርበስ የሚሏቸው ትላልቅ ዓሦች በጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያ ሆነው ተለይተዋል። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ መውጣት ስለማይችል የሐይቁ ዓሦች ለብቻቸው ቀርተዋል። ከግማሽ የሚበልጡት፣ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ባይኖርም፣ ሌላ ዓሣ እያደኑ ይኖራሉ፤ ብዙዎቹም ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በሐይቁ ወለል ደለል ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ጣና ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደ ነበር ስለሚያሳይ፣ ይህ ሁሉ መለያየት በሥነ ምድር ሚዛን የቅርብ ጊዜ ነገር እንደ ሆነ ይገመታል።

ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድም «ዓሣው ዞሮ ዞሮ ዓሣ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ስለ ሰው ነፍስም ይህ ምንም አይነግረንም። ሆኖም ለውጥ መኖሩን በጭፍን መካድ ዓሣ አጥማጁ ፊት እንኳ አያስኬድም። ስለ አጋጣሚም አንድ ቃል ልጨምር፦ ዓለም አቀፉ የነገረ መለኮት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሰነድ በፍጥረት ውስጥ በእርግጥ አጋጣሚ የሆነ ነገር መኖሩ ከእግዚአብሔር መግቦት ጋር እንደማይቃረን መግለጹን አንድ ካህን አሳይተውኛል። «አጋጣሚ ከሆነ እግዚአብሔር የለበትም» የሚለውን አባባል ከሃዲውም አጥባቂውም እኩል ሲደግሙት እሰማለሁና ይህን ማወቁ ጠቅሞኛል።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ቀኖቹ የተባለው ገብቶኛል። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን አዳም ነው። ሳይንሱ የሰው ልጅ የመጣው ከሁለት ሰዎች ሳይሆን በሺዎች ከሚቆጠር ሕዝብ ነው ይላል፤ ታዲያ የአዳም ኃጢአት ወደ ሁላችን እንዴት ደረሰ?

መልስ፤ ነገረ መለኮት የተማረ

እውነተኛው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ስድስቱ ቀን የሚባለው ጩኸት በአብዛኛው ይህንን ይሸፍነዋል። ፒዮስ 12ኛ ከአዳም በኋላ ከእርሱ ያልተወለዱ እውነተኛ ሰዎች ነበሩ ወይም አዳም የብዙ የመጀመሪያ ወላጆች ስም ነው ማለት ከኃጢአተ ውርስ ትምህርት ጋር እንዴት እንደሚስማማ እንደማይታይ ገልጸዋል። እ.ኤ.አ. በ1546 የትሬንት ጉባኤም የአዳም ኃጢአት በምንጩ አንድ መሆኑንና በትውልድ እንጂ በመምሰል እንደማይተላለፍ ደንግጓል።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ በሁለት መንገድ ሄደዋል። አንደኛው፣ በሥጋ ሰው መሳይ የሆኑት ሺዎች ቢሆኑም እግዚአብሔር ነባቢት (የምታስብና የምትናገር) ነፍስን በመጀመሪያ የሰጠው ለሁለቱ ነው፣ ዛሬ ያለን ሁላችን ከሌሎቹም ጭምር ብንወለድ ከሁለቱ ያልተወለደ ግን የለም ይላል። ይህ ዘረ መሉንም ትሬንትንም አይነካም፤ ነገር ግን የአዳም ልጆች ነፍስ ከሌላቸው ጋር ተጋቡ ማለት ስለሚሆን ብዙዎችን ይሰቀጥጣቸዋል። ሁለተኛው አዳምን የመጀመሪያው ማኅበረሰብ ወኪል ያደርገዋል፤ ለሳይንሱ የቀለለ ሲሆን «በምንጩ አንድ» ለሚለው ግን መልስ ያጥረዋል። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ሁለተኛውን የያዙ የታወቁ ካቶሊካውያን የነገረ መለኮት ሊቃውንት ግን አሉ፣ ቤተ ክርስቲያንም እስካሁን የመጨረሻ ፍርድ አልሰጠችም።

መልስ፤ የቀደመውን ትምህርት የሚከተል

ሁለተኛውን መንገድ ከትሬንት ጋር ማስታረቅ አይቻልም ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያውን ባልወደውም ኑፋቄ ነው አልልም። ለወጣቶቹ ሲያስተምሩ ግን እባክዎ አዳም በእርግጥ እንደ በደለ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ስለ ዓመታቱ ቁጥር ከዚያ በኋላ ይደርሱበታል።